«ኢንተርኔቱ ይሠራል አይደል?»

ማተሚያ ቤታችን ስድስት ሠራተኞች አሉት። ፕሮፎርማ የምንልከው ከአንድ ጂሜይል ነበር፤ የይለፍ ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ደንበኛ «ድርጅት ናችሁ ወይስ ግለሰብ?» ሲለኝ አፈርኩ። በድርጅታችን ስም ለሚሆን ኢሜይል ለስድስት ሰው በየወሩ በዶላር ከመክፈል ብዬ የኢሜይል ሰርቨሩን ራሴ ለመሥራት ተነሳሁ።

ሶፍትዌሩ ቅዳሜና እሁድ አለቀ። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ደቢያን (የሊኑክስ ሲስተም)፣ ፖስትፊክስ (ኢሜይል የሚልክና የሚቀበል) እና ዶቭኮት (የደረሰውን ከሳጥኑ የሚያስነብብ) ጫንኩ። መልእክቱ በእርግጥ ከእኛ መሆኑን ለተቀባዩ የሚያሳዩትን ኤስፒኤፍና ዲኪም ጨመርኩ። ቋሚ አይፒ (የማይቀያየር የኢንተርኔት ቁጥር) ነበረን። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤስ አለ። ለራሴ ላኩ፣ ደረሰኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ሰኞ ወደ ጂሜይል የላክሁት ሁሉ 550 የሚል የእምቢታ ቁጥር ይዞ ተመለሰ፤ የላኪው አይፒ ፒቲአር የለውም ይላል። ዶሜይን ከስም ወደ አይፒ ይመራል፣ ፒቲአር ደግሞ ከአይፒ ወደ ስም። ዶሜይን የገዛሁበት ቦታ ገብቼ ልሞላው አልችልም። በአይፒው ባለቤት፣ ማለትም በኢንተርኔት አቅራቢው እጅ ነው።

ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ኢንተርኔቱ ይሠራል አይደል?» አለችኝ። ይሠራል። «ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» አስረዳሁ። ወደ ሌላ መስኮት ላከችኝ። እዚያ ደግሞ «ማህተም ያለው ደብዳቤ ያምጡ»። አመጣሁ። «ይደወልልዎታል»። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቴክኒሻን መጣ። ራውተሩን አጥፍቶ አበራ። ፍጥነቱን ለካ። «አሪፍ ነው» ብሎ «ችግሩ ተፈቷል» የሚል ቅጽ አቀረበልኝ። እኔም ጅሉ ፈረምኩ!

ወደ ድሮው አድራሻ መመለስ ነበረብኝ። እልህ ያዘኝ። ጂሜይል ለሚጠቀሙት ብቻ በድሮው፣ ለሌላው በአዲሱ መላክ ቀጠልኩ። አንድ የቆየ ደንበኛ የካሌንደር ፕሮፎርማ ጠየቀን። አድራሻው በራሱ ድርጅት ስም ስለሆነ በአዲሱ ላክን። ለካ ከጀርባው ያለው ጉግል ነው። መልእክቱ ሲመለስ ጸሐፊያችን እንግሊዝኛውን አይታ ማስታወቂያ መስሏት አጠፋችው። ደንበኛው ሥራውን ለሌላ ሰጠ። «ዝም ስትሉ ሥራ የበዛባችሁ መሰለኝ» አለ። በእሷ አልፈርድም። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልነገርኳትም።

በመጨረሻ ጀርመን ያለችው እህቴ በካርዷ ሰርቨር ተከራየችልኝ። ፒቲአሩን ከአከራዩ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ በሁለት ደቂቃ ሞላሁት። ግን ሰርቨሩ ወደ ሌሎች ሰርቨሮች ኢሜይል የሚያወጣበት በር፣ ፖርት 25፣ ለአዲስ ደንበኛ ዝግ ነው፤ ብዙ አከራዮች እንዲህ ያደርጋሉ። እሱን ለማስከፈት ሌላ ወር ጠበቅን።

መመሪያዎቹ ከፖስትፊክስ ጀምሩ ይላሉ። አትስሟቸው። መጀመሪያ ፒቲአርን ማን እንደሚሞላና ፖርት 25 ክፍት መሆኑን ጠይቁ፣ ብሩን ከዚያ ክፈሉ። አይፒውንም ስፓምሃውስ (የስፓም ላኪዎችን ጥቁር መዝገብ የሚይዝ ድርጅት) ላይ ፈትሹ። ዲማርክን (በስማችን መጥቶ ማረጋገጫውን ያላለፈ መልእክት ምን ይደረግ የሚለውን መመሪያ) ለሳምንታት «ነን» (none፣ ምንም አይደረግ) ላይ አቆዩ የሚለውም ለትልቅ ድርጅት ነው። አንድ ሰርቨር ብቻ ላለው ሁለት ሦስት ቀን ሪፖርቱን አይቶ «ኳራንቲን» (ወደ ስፓም ይግባ) ማድረግ ይበቃዋል።

ደንበኛው ዘንድሮ ተመልሷል። ፕሮፎርማውን ከላክሁ በኋላ ግን አሁንም እደውላለሁ፤ «ደረሰዎት?»