በዓባይ በረሃ የናዳ እግር ሲጠረግ

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ፣ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ ድንጋዩ በየደረጃው ይቀያየራል። አናቱ ላይ ጥቁር ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ፣ ወንዙ አጠገብ የአሸዋ ድንጋይ አለ። መንገዱን የሚያስቸግረው ከላይ የተናደው ባዛልትና አፈር ሸክላማው ላይ የተከመረበት ቦታ ነው። ውሃ ክምሩን ሰርጎ ሸክላው ጋ ሲደርስ ይታገዳል፤ ሸክላውም ረጥቦ ይሟልጫል።

በአንድ የጥገና ሥራ ላይ የሆነው ይህ ነው። መስከረም ሊያልቅ ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፣ አፋፉ በአደይ አበባ ቢጫ ለብሷል። ናዳው የሞላውን የመንገድ ዳር ቦይ ለመክፈት ሎደር ገባና ክምሩን ከግርጌው መዛቅ ጀመረ። ዳገቱ ወገብ ላይ ለምለም ቄጠማ በአንድ መስመር በቅሎ ነበር። አንድ የቀን ሠራተኛ ለፎርማኑ «ጋሼ፣ እዚያ ላይ ውሃ አለ» ቢለውም፣ መልሱ «ዝናቡ እኮ ቆሟል» ነበር። ሌሊቱን ከተዛቀው የበለጠ አፈር ወርዶ ግማሹን መንገድ ዘጋው። ደግነቱ ሰው አልነበረም።

ክምሩ ዳገቱን ደግፎ የያዘ እግር ነበር። የላዩ አፈር ደርቆ ቢሰነጣጠቅም፣ የክረምቱ ውሃ ከሥር ለሳምንታት መውረዱን አያቆምም። ቄጠማው የሚናገረው ይህንኑ ነው። ዛፎቹንም ማየት ይገባል፦ ከሥሩ ጎብጦ ወደ ላይ የቀና ግንድ መሬቱ ለዓመታት ቀስ እያለ መንሸራተቱን ያሳያል፤ ቀጥ እንዳለ ያዘመመ ግንድ ግን እንቅስቃሴው የቅርብ ጊዜ ነው፣ ይህኛው ይበልጥ ያስፈራል።

ስለዚህ ሥራው ከላይ ይጀምራል። መሬቱ ሲንሸራተት ዳገቱ ላይ ከሚከፈተው ስንጥቅ በላይ ውሃ የሚቀለብስ ቦይ ይቆፈራል፤ ውስጡ በሲሚንቶ ወይም በላስቲክ ካልተሸፈነ ራሱ ውሃ ያሰርጋል። ስንጥቁ በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ይደፈናል፤ በጠጠር መድፈን ለውሃው በር መክፈት ነው። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ካስማ ተተክሎ አናታቸው ላይ ሚስማር ይመታል፤ በሚስማሮቹ መካከል ያለው ርቀት በየጠዋቱ በሜትር ይለካል። ከቀን ወደ ቀን እየፈጠነ ከሰፋ ሰውም ማሽንም ይወጣል።

እግሩን መንካት ግድ ከሆነ በደረቁ ወራት፣ በአጭር በአጭሩ እየተከፈለ ነው፤ የተከፈተው በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ ሳይደገፍ ቀጣዩ አይነካም። ከጋቢዮኑ ጀርባ ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ ይገባል። ድንጋዩ ያልበሰበሰ ባዛልት ይሁን፤ ጂፕሰም ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይሞላም፣ ውሃ ያሟሟዋል። የተዛቀው አፈርም በገልባጭ ርቆ ይወሰድ፤ ከመንገዱ በታች ከተደፋ በሥሩ ያለፈው ኩርባ ላይ ሌላ ናዳ ይጭናል።