ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ አዲስ አበባ ውስጥ ስመርጥ ምን ምን አየሁ

ወደ ሱቅ ከመሄዴ በፊት የምጫወታቸውን ጌሞች ጻፍኩ፦ ኢኤ ኤፍሲ 24፣ ካውንተር ስትራይክ 2፣ ጂቲኤ 5። ኤፍሲ 24 በትንሹ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ፣ 8 ጊጋ ራምና 100 ጊጋ ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ ካውንተር ስትራይክ 2 ደግሞ 85 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ) ገና ከጅምሩ ወደቀ። የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ 4 ጊጋ ቢሆን ለእነዚህ ይበቃል፤ ከበድ ላሉት አዳዲስ ጌሞች ግን ስለሚያንስ ከ6 ጊጋ ላለመውረድ ወሰንኩ። አርቲኤክስ 2060፣ 3060 ወይም 4050 ማለት ነው።

ሻጭ «12 ጊጋ ግራፊክስ» ሲል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ደምሮ ነው። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ፐርፎርማንስ ውስጥ ጂፒዩ (ግራፊክስ ካርዱ) ሲመረጥ ከታች ዴዲኬትድና ሼርድ የሚሉ መስመሮች አሉ። ዴዲኬትዱ የካርዱ የራሱ ነው። ሼርዱ ከራም የሚበደረው ሲሆን፣ ጌሙ እሱን መጠቀም ከጀመረ ስታክ ያደርጋል። 4 ዴዲኬትድና 8 ሼርድ ያለው ማሽን ላይ ዊንዶውስ ራሱ ድምሩን 12 ብሎ ስለሚያሳይ፣ ሻጩ ሁልጊዜ ሊያታልል አስቦ ነው ማለት አይደለም።

ከዚህ በላይ ዋጋ ያለው ቁጥር ግን ማስታወቂያ ላይ የማይጻፈው ዋት፣ ማለትም ካርዱ እንዲጠቀም የተፈቀደለት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የላፕቶፕ አርቲኤክስ 3060 አምራቹ እንደፈለገው ከ60 እስከ 115 ዋት ተደርጎ ይገጠማል። ስሙ አንድ ነው፣ ተለጣፊው አንድ ነው፣ አቅሙ ግን በጣም ይለያያል። ቀደም ሲል ዝቅተኛ ዋት ያላቸው ካርዶች ማክስ ኪው የሚል ቅጥያ ስለነበራቸው ይለዩ ነበር፤ ከ30ዎቹ ተከታታይ ጀምሮ ቅጥያው ከስሙ ተነሳ። እኔ በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ ማክሲመም ግራፊክስ ፓወር የሚለውን አነባለሁ። ላፕቶፑ ሳይከፈትም ቻርጀሩ ፍንጭ ይሰጣል። ሙሉ ዋት ያለው 3060 ብዙውን ጊዜ 230 ዋት የሚል ጡብ የሚያህል ቻርጀር ይዞ ይመጣል። በምትኩ ቀላል ቻርጀር ከቀረበ ወይ ካርዱ ደካማ ነው፣ ወይ ዋናው ቻርጀር ጠፍቷል። አቅሙ ያነሰ ቻርጀር ላይ ሶኬቱ ተሰክቶ እያለ ባትሪው እየወረደ ይሄዳል። ዴል ላይ ደግሞ ማሽኑ ቻርጀሩን ካላወቀው ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል።

ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው የሙቀት ውጤቶች አብዛኞቹ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተለኩ ናቸው። አዲስ አበባ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባህር ጠለሉ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ከፊሉን ያካክሳል፣ ሁሉን ግን አይደለም። ስለዚህ ስስና ቄንጠኛ የሆኑትን ትቼ ወፈር ያለ፣ ባለ ሁለት ፋን፣ ከኋላም ከጎንም ሙቀት የሚያስወጣውን መረጥኩ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክብደቱ ያስመርር ይሆናል፤ ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ማሽን ግን ምንም አይደለም።

ሱቅ ውስጥ ፍተሻው ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ውስጥ አልቆይም። በፍላሽ ሁለት ፕሮግራሞች እይዛለሁ፦ ሙቀትና ዋት የሚያሳየውን ኤችደብሊው ኢንፎ እና ግራፊክስ ካርዱን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራውን ፈርማርክ። ቻርጀሩን ሰክቼ፣ ማሽኑን ፐርፎርማንስ ሞድ ላይ አድርጌ ፈርማርክን ሃያ ደቂቃ አስሮጣለሁ። የማየው የግራፊክስ ካርዱን ዋትና ሙቀት ጎን ለጎን ነው። ሙቀቱ 87 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ዋቱ ለምሳሌ ከ115 ወደ 70 ከወረደ ችግሩ ማቀዝቀዣው ላይ ነው፤ አቧራ ይዟል ወይም ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቴርማል ፔስት ደርቋል። ይህ በጽዳትና በአዲስ ፔስት የሚስተካከል ስለሆነ ዋጋ መደራደሪያ ነው። ሙቀቱ 65 ላይ እያለ ዋቱ ከወረደ ግን ቻርጀሩን ወይም ቦርዱን መጠርጠር ነው፤ በሌላ ትክክለኛ ቻርጀር ካልተስተካከለ እተወዋለሁ። አንዳንድ የአሱስ አርኦጂ ሞዴሎች በፔስት ፈንታ ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) አላቸው። ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ጠብታው ቦርድ ላይ ከፈሰሰ ያቃጥላል፤ እነዚህን ለማንኛውም ጠጋኝ መስጠት አይገባም።

ፈርማርክ እየሮጠ እያለ የቻርጀሩን ገመድ እነቅላለሁ። ጤነኛ ባትሪ ያለው ማሽን ፍሬሙ (በሰከንድ የሚያሳየው የምስል ብዛት) ይወርዳል እንጂ ይቀጥላል። ባትሪው የደከመ ከሆነ ወዲያው ድርግም ይላል። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት ሰፈር ይህ ማለት በየጊዜው ሥራም ጌምም ሳይቀመጥ ይጠፋል ማለት ነው። ኤችደብሊው ኢንፎ የባትሪውን መዳከም በመቶኛ ያሳያል፤ ይህ ሙከራ ግን ይበልጥ እውነቱን ያወጣል።

የተቀረው ፈጣን ነው። ታስክ ማናጀር ላይ የራም ስሎት «1 ከ2» የሚል ከሆነ ሁለተኛ ራም መጨመር ያስፈልጋል፤ አንድ 16 ጊጋ ከመሆን ሁለት 8 ጊጋ ይሻላል፣ በተለይ ፕሮሰሰር ላይ ለሚከብደው ካውንተር ስትራይክ። ስክሪኑ 144 ሄርዝ ነው (ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ ያድሳል) ከተባለ በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ማረጋገጥ ነው። ተሰብሮ በ60 ሄርዝ የተተካ ስክሪን ከላይ ሲታይ አይለይም።

ዴል ፕሪሲዥንና ኤችፒ ዜድቡክ የጌም ላፕቶፕ ተብለው ይሸጣሉ። ጠንካራ ናቸው፤ ኳድሮ ቲ1000 ካርድ ያለባቸውም በአቅም ወደ ጂቲኤክስ 1650 ይጠጋሉ። ከድርጅት የወጡ ስለሆኑ ግን መጀመሪያ ባዮሳቸውን (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተውን የማሽኑን ማስተካከያ) እከፍታለሁ፦ ዴል ላይ በኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ በኤፍ10። ፓስወርድ ከጠየቀ አልገዛም። ቫሎራንት ለሚጫወት ሰው ይህ የበለጠ ያሳስባል፤ ጌሙ ዊንዶውስ 11 ላይ ሴኩር ቡትና ቲፒኤም 2.0 የሚባሉት የደህንነት መከላከያዎች ካልበሩ አይከፍትም፣ እነሱም የሚበሩት ባዮስ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ የገዛሁት ባለ 230 ዋት ቻርጀር 3060 ነው፣ ራሙ ሁለት 8 ጊጋ፣ ኤስኤስዲው 512። ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ የቻርጀሩ ሶኬት የኛ ግድግዳ ላይ አይገባም። ቻርጀሩ ራሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። ርካሿ መቀየሪያ ግን ትላላለች፣ ትሞቃለች፤ የመሬት መስመሩንም ስለምትቆርጥ ብረት ገላ ያለው ላፕቶፕ እጅን ይነዝራል። የቻርጀሩ ጀርባ የዴስክቶፕ ገመድ የሚቀበል ዓይነት ስለነበር እሱን ገዝቼ ሰካሁበት። ኤፍሲን 60 ፍሬም ላይ ስገድበው ደግሞ ሙቀቱም የፋኑ ጩኸትም በግልጽ ቀነሰ፤ ካውንተር ስትራይክን ግን ለ144ቱ ስክሪን ስል ያለ ገደብ ለቀቅኩት።