ከፓይኑ ሥር ያለው

እስራኤል ያለውን የቀርሜሎስን ተራራ ከሐይፋ መንገድ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ደኑ ሁሉ አንድ ይመስላል። ዛፉማ አንድ ነው፤ የሐለብ ፓይን ይባላል። ሥሩ ሲገባ ግን ሌላ ነው። እኛ የዕፅዋት ማኅበረሰቦችን፣ ማለትም አብረው የሚበቅሉ ዕፅዋትን፣ ስንለይ አብዛኛው ሥራችን መሬት ላይ ተንበርክከን ነው።

ዐሥር በዐሥር ሜትር በገመድ እንከልላለን። ውስጡ ያለውን ዝርያ አንድም ሳናስቀር እንመዘግባለን። ከዚያ እያንዳንዱ ምን ያህል መሬት እንደሸፈነ በቁጥር እንጽፋለን። ከ75 በመቶ በላይ ከሆነ 5 ነው፤ ከ5 በመቶ በታች 1። አንድ ተክል ብቻ ከተገኘ «አር» የምትባል ፊደል አለች። ይህን መንገድ ያስያዘን ስዊዘርላንዳዊው ዮሲያስ ብራውን ብላንኬ ነው፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1928 ወጣ። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም እንሠራበታለን።

ነጣ ያለ ኖራማ አፈር ላይ ፓይኑ ሳሳ ይላል፣ ፀሐይ ታች ድረስ ይገባል። እዚያ ሲስተስ የሚባል ቁጥቋጦ ይበዛል። ቅጠሉ እጅ ላይ ይጣበቃል። ሮዝ አበባው የተጨማደደ ወረቀት ነው የሚመስለው፤ ጠዋት ፈክቶ በዚያው ቀን ይረግፋል። ጠንካራ ድንጋይ ላይ ባለው ቀይ አፈር ደግሞ ኦክ የሚባለው ዛፍ ይገባል፣ ማስቲካ የሚገኝበት ፒስታሺያም ይጠቀጠቃል፣ ጥላው ይከብዳል። የዱር ወይራ ሳገኝ ደስታዬ ልዩ ነው። ጎንደር እናቴ የወተት ዕቃ የምታጥንበት የወይራ የቅርብ ዘመድ ነው። የዚህኛው ቅጠል ጀርባ ብርማ ነው፣ የእኛው ወርቃማ ቡኒ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሳቱ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 እዚህ ተራራ ላይ በተነሣው ቃጠሎ 44 ሰዎች ሞተዋል። ያን ቀን ሳስብ አሁንም ይከብደኛል። ፓይኑ አንዳንድ ፍሬዎቹን ለዓመታት ዘግቶ ያቆያል፤ የእሳቱ ሙቀት ሲያገኛቸው ይከፈታሉ፣ ዘሩ አመዱ ላይ ይረግፋል። ዝናብ ሲመጣ ችግኙ ከሲስተሱ ጋር ይፈላል። ኦኩ ደግሞ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ታዲያ ዛሬ ሲስተስ የሞላበት ቦታ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስሙ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለረጅም ጊዜ የሜድትራንያን የፓይን ደኖች ከኦክ ደኖች መደብ ሥር ነበር የሚቀመጡት፤ መደብ የምንለው ተቀራራቢ የዕፅዋት ማኅበረሰቦች የሚሰበሰቡበትን ትልቅ ምድብ ነው። ብዙዎች ፓይኑን ወደ ኦክ መሸጋገሪያ አድርገው ያዩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ተመራማሪዎች ከመላው ሜድትራንያን መረጃ ሰብስበው ፒኔቴያ ሐለፔንሲስ የሚል የራሱን መደብ ሰጡት። እኔ ደግፌዋለሁ። ቀርሜሎስ ላይ ሰው ያልተከለው፣ ነጩ አፈር ላይ ራሱን እየተካ የኖረ ፓይን አለ። እሱን የኦክ ተራ ጠባቂ ማለት አይዋጥልኝም። በረድፍ የተተከለው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሥሩ ብዙ ጊዜ የረገፈ መርፌ ቅጠል ብቻ ነው።

መደቡ የደኑን ዕድሜ አይነግረኝም። ስለዚህ ቅጹ ላይ «አስተያየት» በሚለው ቦታ መጨረሻ የተቃጠለበትን ዓመት እጽፋለሁ። የራሱ ዓምድ እንዲሰጠው ጠይቄያለሁ፤ መጠየቄንም እቀጥላለሁ።