አያቴ ካሰል ላይ ኢንተርኔት ያስገቡ ዕለት

አዳማ ነኝ። ለሦስት ሳምንት እረፍት መጥቼ ሁለቱ ሳምንት እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ትናንት ከሰዓት በኋላ እማዬ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ሶፋው ላይ ተጋድሜ የአዳማን ንፋስ ከነአቧራው እየበላሁ ነው፣ የጎረቤታችን ልጅ ብቅ አለች። ነርሲንግ ልትማር ጀርመን ልትሄድ ነው። ቪዛ ወጥቷል፣ ትኬት ተቆርጧል። አቦሉ ሳያልቅ የጥያቄ መዓት አወረደችብኝ። ብርዱ ምን ያህል ነው? በርበሬ ስንት ኪሎ ልያዝ? ብርድ ልብስ እዚያ ልግዛ ወይስ ከዚህ ልሸከም? መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ፣

«ቤት ስገባ ዋይፋይ ይኖራል አይደል? ከሌለም በማግስቱ አስገባለሁ» አለች።

ሳቅኩ። እማዬ ከረከቦቱ ጀርባ ሆና ከኔ ብሳ ሳቀች፤ ታሪኩን ታውቀዋለች። «በይ ንገሪያት» አለችኝ። «የአባባን ነገር ንገሪያት።»

ለሷ የነገርኳትን ልጻፈው። ሌላም የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

ጀርመን የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2022 ጥቅምት ላይ ነው። ከተማዬ ካሰል ትባላለች። የመጀመሪያውን ወር ከአንዲት ሐበሻ ጋር ተዳብዬ ኖርኩ፤ እሷ ቤት ዋይፋይ ስለነበረ ነገሩ ምንም አልመሰለኝም። ኅዳር ላይ የራሴን አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ቁልፉን ተቀብዬ ገባሁ። አልጋ የለም፣ መጋረጃ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። አልጋውና መጋረጃው በሳምንቱ ተሟሉ።

እዚያ አገር አንዱ ወረቀት ሌላውን ይወልዳል። ኢንተርኔት የሚያስገባው ድርጅት በየወሩ ቀጥታ የሚቆርጥበት የባንክ ሒሳብ ጠየቀኝ። ባንኩ የመኖሪያ ምዝገባ ጠየቀኝ። የምዝገባው ቢሮ ደግሞ አከራይሽ «አዎ፣ እኔ ቤት ነው የምትኖረው» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ካላመጣሽ አለኝ። ቤት ከገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ ግዴታ ነው። ሁሉም በቀጠሮ ነው፣ ቀጠሮው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ነው የሚያዘው። ኢንተርኔት ለማስገባት ኢንተርኔት ያስፈልጋል ማለት ነው። ልጅቷ እዚህ ጋ ደብተር አወጣች።

እስከዚያው በሲም ካርድ ነው የሚኖረው። ሲም ካርዱ ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ መክፈያው ጋ፣ ከማስቲካው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል። ቀላል ይመስላል። ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ቀድሞ የሚሞላውም ካርድ ቢሆን ማንነት ሳይረጋገጥ አይከፈትም። እኔ ፓስፖርቴን ይዤ ፖስታ ቤት ሄጄ ነው ያስከፈትኩት። ጥቅሉን ሞላሁ፣ እሁድ ከእማዬ ጋር በቪዲዮ አወራን፣ የጎረቤት ሕፃን ክርስትና ነበርና ካሜራውን ይዛ ድግሱን በሙሉ አሳየችኝ፣ ድንኳኑን፣ የጠላውን ጋን፣ አይቻቸው የማላውቃቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ። ሰኞ ጠዋት የወሩ ጥቅል አልቋል።

ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመርኩ። ነፃ ዋይፋይ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ማውራት ግን አይቻልም። እማዬ ስትደውል ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ አየኋት፤ እሷ ታወራለች፣ እኔ እነቀንቃለሁ።

«ለምንድነው ዝም የምትዪው? ከፍቶሻል አይደል?»

ራሴን ነቀነቅኩ፣ አይ ለማለት። ስልኩ ተንቀሳቅሶባት መሰለኝ አልገባትም። ወረቀት ላይ በትልቁ «ላይብረሪ ነኝ» ብዬ ጽፌ ካሜራው ፊት ያዝኩት። መነጽሯን አላደረገችም። አንድ ልጅ ከደጅ ጠርታ አስነበበችው። ልጁ «ላይብረሪ ነኝ ይላል» ሲል ድምፁ ከጆሮዬ አልፎ የወጣ መሰለኝ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። እማዬ ግን አላመነችም። ለሳምንት «ልጄ አንድ ነገር ደብቃኛለች» ስትል ከረመች።

በመጨረሻ የባንክ ሒሳቡ ተከፈተና ኮንትራቱን ፈረምኩ። 24 ወር። ሁለት ዓመት! ያኔ እንኳን ሁለት ዓመት፣ ፋሲካን እዚያ መዋሌን እርግጠኛ አልነበርኩም። ደግነቱ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ ሕጉ ተለውጧል፤ 24 ወሩ ካለቀ በኋላ በየወሩ መሰረዝ ይቻላል፣ እንደ ድሮው አንድ ቀን ከዘገየሽ ሌላ ዓመት ታስረሽ አትቀሪም። በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተዋዋልሽውን ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መተው ትችያለሽ። ይኼንን ልጅቷን ሁለቴ አስጻፍኳት።

ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ገርሞኝ ነበር። የቤቱ ፎቅ ስንተኛ? ግራ ወይስ ቀኝ? ከእርስዎ በፊት የነበረው ተከራይ ስም? የቤት ቁጥር የሚል ፈለግኩ፣ የለም። የሕንፃው ቁጥር አለ፣ የክፍሉ ግን የለም። እዚያ ብዙ ሕንፃዎች ላይ አንድን ቤት ከሌላው የሚለየው በሩ ላይ ካለው ደወል ጎን የተጻፈው ስም ነው። ያኔ ግን ትርጉሙ አልገባኝም። እኛ እኮ «ከፍራንኮ ገባ ብለህ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ አረንጓዴው በር» ብለን ያደግን ነን። ሰው ቢጠፋበት ሱቅ ይጠይቃል፣ ባለሱቁ ልጅ ጨምሮ ይልካል።

ቀጠሮው መጣ። ቴክኒሻኑ ከ8 እስከ 12 ባለው ጊዜ ይመጣል። በኛ አቆጣጠር ከ2 እስከ 6 ነው፤ በክረምታቸው አዳማ ሁለት ሰዓት ስለምትቀድም ለእማዬ ከ4 እስከ 8 መሆኑ ነው። እሷም አብራኝ ትጠብቃለች። የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ መንገዱን አየሁ። አንድ ነጭ መኪና ቆመ፣ ሰውየው ወረደ፣ ከበሩ ሥር ስለሆነ አይታየኝም፣ ተመልሶ ገባ፣ ሄደ። ደወል የሚባል አልተደወለም። ስድስት ሰዓት ላይ አጭር መልእክት ደረሰኝ። «ቤት አላገኘንዎትም።»

ወርጄ ሳይ የኔ ደወል ላይ ያለው የድሮው ተከራይ ስም ነው። አፈርኩ። ግን ተናደድኩም፤ ስልክ ቁጥሬ እጁ ላይ እያለ አንድ ጊዜ ቢደውል ምን ነበረበት? አዲስ ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰጡኝ።

በዚህ መሐል ስሜን በጥሩ ጽሑፍ ጽፌ ደወሉ ላይ ለጠፍኩ። የራሴ ስምና የአባቴ ስም። የፖስታ ሳጥኑ ላይም እንዲሁ። የቀጠሮው ቀን ጠዋት ቡና እንኳን ሳልጠጣ ተቀመጥኩ። ከ8 እስከ 12። ማንም አልደወለም። መልእክቱ መጣ፣ ያው፣ ቤት አላገኘንዎትም።

እዚያ አገር ድርጅቱ ቀጠሮ ሰጥቶ ካልመጣ ካሳ አለ፤ 10 ዩሮ ወይም ከወር ክፍያው 20 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ሰው ነግሮኝ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው ሁለት መስመር ነው፦ ባለሙያችን መጥቷል፣ የእርስዎ ስም በሩ ላይ የለም። እንዴት የለም! ፎቶ አንስቼ ልልክ ስወርድ ነው ምድር ቤት የሚኖሩትን አሮጊት ያገኘኋቸው። ራውተሩን፣ ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ዕቃ፣ ተቀብለው ያስቀመጡልኝ እሳቸው ናቸው። የድርጅቱን ደብዳቤ ከእጄ ወሰዱ። ፖስታው ላይ ያለውን ስም በጣታቸው ነኩ፣ ደወሉን ነኩ፣ እንደገና ፖስታውን።

«ይኼ ሰው ማነው?»

«አያቴ ናቸው።»

«አብረውሽ ይኖራሉ?»

«አይ፣ ሞተዋል።»

«ታዲያ ኮንትራቱ ለምን በሳቸው ስም ሆነ?»

እዚያው በረንዳው ላይ ቆሜ ፓስፖርቴን አወጣሁ። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአያቴ ስም ነው ያለው። ሲመዘግቡኝ፣ ባንክ ሲከፍቱልኝ፣ ኮንትራቱን ሲያዘጋጁ ሁሉም ያንን ነው የወሰዱት። ለካ ወር ሙሉ በየቢሮው «ፍራው» ብለው የሚጠሩት ሰው አያቴ ናቸው፣ ወይዘሮ ብለው። እኔ የሚጠሩት ሌላ ሰው እየመሰለኝ ወረፋ ያሳለፍኩበት ቀን ሁሉ አለ።

አያቴ ወንጂ ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ርቀው ሄዱ ከተባለ ሶደሬ ፍል ውሃ ነው። ስልክ ይዘው ሲያወሩ አይቻቸው አላውቅም፤ እኛ ቤት ሲመጡ እንኳን ስልኩ ሲጮህ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ጓዳ ይሉ ነበር። አሁን ስማቸው በላቲን ፊደል ካሰል ውስጥ አንድ ሕንፃ ደወል ላይ ይለጠፍ ተባለ። አሮጊቷ ራሳቸው መቀስና ፕላስተር አምጥተው አብረን ለጠፍነው።

ማታ ለእማዬ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «አባባ ጀርመን ገቡ በይኛ!» ብላ ሳቀች፣ ሳቁ መሐል ላይ ግን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ አላመንኩም፣ ካፖርቴን ለብሼ ከጠዋቱ ጀምሮ ታች በሩ ላይ ቆምኩ። ሰውየው መጣ፣ ስሙን አነበበ፣ ጣቱን ወደ ደወሉ ሰደደ። «እኔ ነኝ!» አልኩት። ደነገጠ። ምድር ቤቱ ሥር ወዳለው ዕቃ ማስቀመጫ ወረድን፤ ግድግዳው ላይ ግራጫ ሳጥን አለ፣ ሲከፈት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ባለ ብዙ ቀለም ሽቦዎች። የሚጮህ መሣሪያ ይዞ አንድ ጥንድ ሽቦ ፈለገ፣ አገኘ፣ አሰረ። ላይ ወጣን። ግድግዳው ላይ ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ፣ ራውተሩን መሐለኛው ላይ ሰካ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ሰባት ሳምንት የጠበቅኩት እሱን ነው።

ልጅቷ «አለቀ?» አለች። ቶናው ተቀድቷል። አላለቀም። የቤት ስልኩ ቀረ።

ከኢንተርኔቱ ጋር የቤት ስልክ ቁጥር አብሮ ይመጣል፣ ብትፈልጊም ባትፈልጊም። እኔ ምን ያደርግልኛል ብዬ ትቼው ነበር። እማዬ ግን አልተወችውም። ለሷ የቤት ስልክ የሌለው ሰው ገና ዕቃውን አላራገፈም። የኛ ስልክ ይኸው እስከ ዛሬ ጥግ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ። አባዬ ባስገባ ጊዜ መደወያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ይንጠለጠልበት ነበር፣ ያ የሚሽከረከረው ስልክ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚደወልለት እኛ ቤት ነውና «ስልክ ተጠራችሁ» እያልኩ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በ5 ዩሮ ስልክ ገዝቼ ራውተሩ ላይ ሰካሁ። ቁጥሩን ሰጠኋት። ከካሌንደሩ ጀርባ ጻፈችው፣ ደወለች፣ አልገባም። ሦስት ቀን አልገባም። የካሰል ኮድ 0561 ነው፣ ከውጭ ሲደወል ግን 00 49 ተብሎ የፊተኛዋ ዜሮ ትቀራለች፤ እሷ ዜሮዋን ጨምራ ነው የምትደውለው። የአዳማም እኮ ያው ነው፣ 022 ከውጭ ሲደወል 251 22 ነው የሚሆነው። ስትሰማ «ዜሮ ምን በደለቻቸው?» አለች።

አንድ ስህተት የኔም አለ። የቤት ስልኩ «ያለ ገደብ» ይላል፣ እኔም ያለ ገደብ እማዬ ጋ ደወልኩ። ያለ ገደቡ ጀርመን ውስጥ ላለ የቤት ስልክ ነው። የዚያ ወር ቢል ከኮንትራቱ ክፍያ በለጠ። አሁን እሷ አንዴ አስጮሃ ትዘጋለች፣ እኔ በኢንተርኔት እደውላለሁ።

እማዬ ደግሞ የምትኮራበት ነገር አላት። እዚያ ያለው የቤት ስልክ በራውተሩ በኩል ነው የሚሠራው፤ ራውተሩ መብራት ካላገኘ ስልኩም ሞቶ ነው። የኛው አሮጌ ስልክ ኃይሉን በራሱ ሽቦ ከማዞሪያው ያገኛል፣ ቤት መብራት ቢሄድም ይሠራል። ይኼን ካወቀች ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር መነጋገሪያውን አንስታ ድምፁን ታዳምጣለች፣ «ጀርመን ይኼ የላትም» እያለች።

የራዲዮና ቴሌቪዥኑን ክፍያ ረስቼው ነበር። ያኔ በወር 18.36 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ቤት፣ ቴሌቪዥን ኖረሽም አልኖረሽም። ከተመዘገብሽ ደብዳቤው ይመጣል። ያ ደብዳቤ ያለ ምንም ቀጠሮ፣ ያለ ምንም መሳሳት ነው የደረሰኝ።

በረካው ሲደርስ ልጅቷ ተነስታ ወጣች። የሰለቻት መስሎኝ ነበር። ፓስፖርቷን ይዛ እየሮጠች ተመለሰች፣ ጫማዋን እንኳን አላጠለቀችም። ከፈትነው። የቤተሰብ ስም የሚለው ጋ ጣቷን አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ይኼን ሰውዬ እኮ አላውቀውም» አለች። «እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው።»

እማዬ ሲኒውን አቀበለቻት። «በቃ አሁን ትተዋወቃላችሁ» አለቻት። «ፊደሉን ብቻ በደንብ አድርገሽ ገልብጪው።»