የ23 ዓይኖች ውለታ

ዛሬ ታናሽ ወንድሜን ይዤ ዓይን ሐኪም ዘንድ ዋልኩ። የመነጽሩ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ሲቀየር ማዮፒያው (የሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግሩ) ጨምሮበት ነው ብለን ነበር። ለካ ሌላ ነገር ኖሯል።

ዶክተሯ የኮርኒያውን፣ ማለትም ከዓይኑ ፊት ያለውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ካርታ ስክሪን ላይ አሳዩን። ከመሃሉ ዝቅ ብሎ ቀይ ቦታ አለ። «እዚህ ጋ ሳስቶ ወደ ፊት ገፍቷል» አሉን። ኬራቶኮነስ ይባላል። ጤነኛ ኮርኒያ እንኳ መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ሲሳሳ አስቡት።

ልቤ ወረደ። ሕክምናውን ሲያስረዱን ግን ተንፈስ አልኩ። ዓይኑ ላይ ቫይታሚን ቢ2 ይንጠባጠባል፣ ከዚያ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። የኮርኒያው ክሮች እርስ በርስ ይተሳሰሩና ይጠነክራሉ። የጠፋውን ዕይታ ሁሉ አይመልስም፤ በአብዛኛው ግን በሽታው እንዳይብስ ይገታዋል።

ቤት ገብቼ ሳነብ አመሸሁ። የጀርመኗ ድሬስደን ተመራማሪዎች በዚህ ሕክምና በሰው ላይ ያገኙትን የመጀመሪያ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያሳትሙ የታከሙት 23 ዓይኖች ብቻ ነበሩ። 23! ከዚያ በፊት በሽታው እየገፋ ሲሄድ የሚያስቆመው አልነበረም፤ መጨረሻው ለብዙዎች የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ነበር።

የተመራማሪ ሥራ የሚለካው ሌሎች ስንት ጊዜ ጠቀሱት እየተባለ ነው። እኔ ዛሬ ያየሁት ሌላ ነው። የማላውቃቸው ሰዎች ከዓመታት በፊት ደክመው፣ የወንድሜን ዓይን አተረፉልኝ። ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዶክተሯ አጥብቀው ያሉት አንድ ነገር አለ፦ ዓይንህን አትሽ። ወደ ቤት ስንመለስ እጁ ሦስቴ ወደ ዓይኑ ሄደ። ሦስቴም ያዝኩት።