ኡክ የምትባል ፊደል ሦስት ሳምንት በላችብኝ

ባለፈው ቅዳሜ የኦስትሮሚር ወንጌልን (በጥንቱ የስላቭ ቋንቋ የተጻፈ የብራና መጽሐፍ ነው) አሥረኛ ገጽ ጽፌ ጨረስኩ። በሰባት ወር አሥር ገጽ! መጽሐፉን በብራና የጻፈው ዲያቆን ግሪጎሪ ጥቅምት 1056 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግንቦት 1057 ላይ ጨርሶታል። 294 ቅጠል፣ በሰባት ወር፣ ያውም በብዕር። እኔ ደግሞ ላፕቶፕ ይዤ አሥር ገጽ። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ ስጀምር አንድ መስመር አንድ ምሽት ይፈጅብኝ ነበር።

ሥራዬ የብራናውን ፎቶ እያየሁ በጥንቱ የሲሪሊክ ፊደል (ዛሬ ሩሲያኛ በሚጻፍበት ፊደል አባት)፣ በዩኒኮድ መገልበጥ ነው። ዩኒኮድ ኮምፒውተር እንዲያውቀው ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር፣ ማለትም ኮድ፣ የሚሰጥ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ የሚወራላቸው አይደሉም። ኪቦርድ አስተካከልኩ፣ ፎንት ጫንኩ። ቲትሎ የሚሉትን ከፊደል በላይ የሚሰመር ምልክት ለመልመድ ትንሽ ተቸገርኩ። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች የእግዚአብሔርን ስም አሳጥረው ጽፈው ከላይ ያሰምሩበታል። ምልክቱ የሚተየበው ከፊደሉ በኋላ ነው። እኔ አስቀድሜው እየተየብኩ የጎረቤት ፊደል ራስ ላይ ይወጣብኝ ነበር። ፊደል እንደ ቁጥር ሲያገለግልም ያው ቲትሎ ይሰመርበታል። የግዕዝ ቁጥሮቻችን ላይና ታች መስመር ትዝ አይላችሁም? የእኛም የእነሱም ቁጥር ሥሩ የግሪክ ፊደል ነው።

አሁን ወደ ኡክ። ድምጿ «ኡ» ነው፣ መልኳ ግን ሁለት። አንዳንዴ ሁለት ፊደል ጎን ለጎን ሆና ትጻፋለች፣ አንዳንዴ አንዱ በሌላው ላይ ተጭኖ ቀንድ ያወጣ ክብ ትመስላለች። ዩኒኮድ መጀመሪያ ለሁለቱም አንድ ኮድ ሰጣት፦ 0479። እናም መልኳን የሚወስነው ፎንቱ ሆነ። እኔ ጋ ጎን ለጎን የምትታየው ጓደኛዬ ስልክ ላይ ተደራርባ ወጣች። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ ስሪት 5.1 ለተደራራቢዋ የራሷ ኮድ ተጨመረላት፤ ጎን ለጎኗን ደግሞ በሁለት ተራ ፊደላት ጻፉ ተባለ። አሮጌው ኮድ ግን አልወጣም። ዩኒኮድ አንዴ ያስገባውን ፊደል አያወጣም።

ይህን ሳላውቅ አራት ገጽ በአሮጌው ኮድ፣ ቀሪውን በሁለት ፊደል ጽፌያለሁ። ለዓይን ልዩነት የለውም። ጉዱ የወጣው «ኡቼኒክ»፣ ማለትም ደቀ መዝሙር የሚለውን ቃል ስፈልግ ነው። ፊቴ ላይ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተሩ «የለም» ይለኛል። «ሠላም» ብሎ የተጻፈን በ«ሰላም» እንደመፈለግ ነው።

ከዚያ የባሰውን ሠራሁ። አሮጌውን ኮድ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሁለቱ ፊደል ቀይር አልኩት፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ለይ የሚለውን ምልክት ሳላደርግ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለው፣ ከየት ትዝ ይለኛል? በትልቁ የጻፍኳቸው በሙሉ ትንሽ ሆነው ቀሩ። ፋይሉንም ሴቭ አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ኮፒ? የለኝም።

ስለዚህ ምክሬ፦ ፎንት ከመምረጣችሁ በፊት ኮዱን ምረጡ። ስክሪን ላይ አምሮ መታየቱ አያታላችሁ። ለእያንዳንዱ ፊደል የትኛውን ኮድ እንደምትጠቀሙ በደብተር ጻፉ፣ ከመጀመሪያው ቀን። (የእኔ ደብተር የተጀመረው ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነው።) ከድረ ገጽ ፊደል እየለቀሙ መለጠፍንም አልወድም። ሰነፍ ያደርጋል፣ ስህተቱም የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

በነገራችን ላይ ዩኒኮድም ይሳሳታል። በ1429 እ.ኤ.አ. አካባቢ በተጻፈ አንድ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ «ብዙ ዓይን ያላቸው ሱራፌል» የሚለው ላይ ብቻ የተገኘች ባለ ብዙ ዓይን «ኦ» አለች። በ2008 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስትገባ ሰባት ዓይን ተሳለላት። ብራናው ላይ ግን አሥር ናቸው፤ የታረመችው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።

እስካሁን ከአራቱ ገጾች ሁለቱን ከፎቶው ጋር እያስተያየሁ አርሜያለሁ። ገጽ 3 እና 4 እንደተበላሹ ናቸው። የአሥራ አንደኛውን ፎቶ ግን ትናንት ማታ ከፍቼዋለሁ።