መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈ

ደሴ ፒያሳ ላይ ደላላው ለአንድ ልጅ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ያሳያል። ቀን 8 ሰዓት ነው፣ ጸጥታው ልብ ይሰርቃል።

«ጋሼ፣ ማታስ?»
«ማታማ ትተኛለህ!»

ልጁ ግን ብልጥ ነው። ማታ 3 ሰዓት ተመልሶ መጣና መዳፉን መስኮቱ ላይ ለጠፈ። ከታች ካለው ግሮሰሪ የሚመጣው ቤዝ (የሙዚቃው ወፍራም ድምፅ) መስታወቱን ያንዘረዝረዋል። ቀጭን ድምፅ በወፍራም መጋረጃ ይለዝባል፤ ቤዝ ግን በብሎኬቱና በሶሌታው በኩል ስለሚመጣ መጋረጃም ስፖንጅም አያቆመውም። ያለው አማራጭ በጓሮ በኩል፣ ከስፒከሩ ሁለት ፎቅ የራቀ ክፍል መፈለግ ነው።

ጎረቤቷ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የድምፅ ጣጣው ሌላ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፤ በከፍታው ልዩነት ብቻ 4 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች። ስለዚህ ምሽቱ በረንዳ ላይ ነው፣ መስኮትም ተከፍቶ ይታደራል፤ የባጃጁ ጥሩምባ ሳይቀር አልጋ ድረስ ይገባል። ደሴ ላይ ብርዱ ሰውን ሁሉ ወደ ውስጥ ሰብስቦ በር ይዘጋል። (ጋቢ ለብሶ ሲጨፍር ያላየ ደሴን አላየም።)

ልጁ ቁልፉን መለሰለት። ደላላውም፦ «በጓሮ በኩልማ አለኝ፤ ውሃው ግን በባልዲ ነው።»